ፀሐይ ያስቀረቻት ዓይን

ወይዘሮ ይርጋነሽ ሦስት ዓመት እምቢ ብለው ከርመው፣ በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዱ። የሁለቱም ዓይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን ይፍቅ ነበር። "ዓይን የሰጠኝ እግዜር ነው፤ የትናንት ተማሪ አይነካካብኝም" ይሉ የነበሩት ሴትዮ፣ ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ሲያቅታቸው ሴት ልጃቸውን ፋንታን አስከትለው መጡ።

ሐኪሙ ስጦታው የሚባል የሞጣ ልጅ ነው። እጁ ቀላል ነው። የግራ ዓይናቸውን ሽፋን ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ በፋሻ ሲሸፍነው ወይዘሮ ይርጋነሽ ትንፍሽ አላሉም።

"ጎበዝ ነዎት፣ እማማ።"

"ሰባት ስወልድ ያላቃሰትሁ ላንተ መርፌ ላቃስት?"

ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ከደጅ ጫጫታ ተነሣ። "ፀሐይ ተገመጠች!" ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወጣ፤ ፋንታም ወጣች። ስጦታው ጓንቱን አወለቀ።

"ወዴት?"

"መጣሁ እማማ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ መቼ ይታያል?"

"ቀኙስ?"

"መጣሁ አልሁ እኮ።"

ወይዘሮ ይርጋነሽ ካግዳሚው ላይ ቀሩ። የደጁ ብርሃን ገርጣ አለ እንጂ አልጨለመም። ሰዉ አንዲት የራጅ ፊልም እየተናጠቀ በሷ ፀሐይዋን ያያል። ስጦታው ተራ መጠበቅ አልሆነለትም፤ በባዶ ዓይኑ አንጋጦ ቆመ።

ተመለሰ፤ እጁን ታጥቦ አዲስ ጓንት አጠለቀ። መርፌውን አነሣ፤ ክሩ አልገባ አለው። ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አድርጎ እንደገና ሞከረ። ክሩ በመርፌው ጎን አለፈ።

"ምን ሆነሃል?"

"አሁን ይለቀኛል።"

"ምኑ ነው የሚለቅህ?"

መርፌውን ከቦታው መለሰ። ኋላ፣ "የማየው ሁሉ መሐሉ ይጠቁርብኛል" አለ።

"እንግዲያ ዛሬ አትነካኝም።"

"እማማ፣ ነገ ወደ ደብረ ወርቅ ነኝ፤ ከፋሲካ በፊት አልመለስም። እስከዚያ ብሌንዎ ይጫጫራል። ጠባሳ ከያዘ ደግሞ አይድንም።"

እውነቱን ነው፤ እሳቸውም ያውቁታል። ቀኙ ከግራው ይብስ ነበር።

"ፀጉሩ ቢፍቀው ቀስ ብሎ ነው። አንተ ባንዴ ታወጣዋለህ። ዕውር ዕውርን ሲሰፋ አላየሁም።"

ስጦታው የሕክምና ካርዳቸውን ጽፎ ለፋንታ ሰጣት። ወይዘሮ ይርጋነሽ ፊደል አይቆጥሩም፤ የተጻፈባቸውን ሳያውቁ ግን ከየትም ቢሮ አይወጡም።

"አንብቢው።"

ፋንታ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። "'የግራ ዓይን ተሠርቷል። ቀኙን ታካሚዋ አልፈቀዱም' ይላል።"

"ማ ነው ያልፈቀደ? ሰርዘው! ሐኪሙ ፀሐይ ሲያይ ዓይኑ ስለፈዘዘ ብለህ ጻፍ።"

"እማማ፣ እንዲህ ተብሎማ አይጻፍም።"

"ውሸት ሲሆን ነው የሚጻፈው?"

ስጦታው ሰረዘ። ካርዱ ላይ አቀርቅሮ፣ መስመሩን እየሳተ፣ ፊደል በፊደል ላይ እየደረበ ጻፈ። ፋንታ እየተንተባተበች እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ካርዱን ከመቀነታቸው ቋጥረው ወጡ። ከቤታቸው እስኪደርሱ ቀኝ ዓይናቸው ሲያነባ፣ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉት ነበር።