የቨርሊን ጠባቂዎች

«እሱን ይዞ ወንዝ ማዶ መሻገር ማለት ጨዋታው ሳይጀመር እጅ መስጠት ነው» ይል ነበር ድዌን፣ ቨርሊን የካፌውን በር ገፍቶ ሲገባ።

ሽማግሌው ኤልደን አንገቱን ደፍቶ ቡናውን ማማሰል ያዘ፤ ቡና ግን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። ድዌን በመስኮት ወደ ነዳጅ ማደያው አፈጠጠ፤ የሚቀዳ መኪና አልነበረም።

ቨርሊን ኮፍያውን አውልቆ ሳቀ። «አታስብ፣ አልሄድም። ቅዳሜ ቤቴ ነኝ።»

«እንደሱ ከሆነ ጥሩ» አለ ድዌን፣ ትንሽ ቸኩሎ።

ቨርሊን የሚታማው እሱ መስሎት ነበር። ቢመስለውም አይፈረድበትም። ከተማችን ውስጥ ቨርሊን የጋዝ ቦቴ በመንዳትም፣ የጎረቤት አጥር በመጠገንም የሚስተካከለው የለም፤ የኮሌጃችን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ጎሾቹ ከሜዳቸው ውጭ ሲጫወቱ ግን ገደ ቢስ ነው። ተከትሏቸው በሄደበት ሁሉ ተሸንፈዋል። በበረዶም ተሸንፈዋል፣ በጠራራ ፀሐይም። አንድ ጊዜማ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እየመሩ ነበር፤ ቨርሊን «ዛሬስ ስሜ ሊታደስ ነው» ብሎ ከወንበሩ ብድግ ከማለቱ ሞላላዋ ኳስ ከልጆቻችን እጅ ሾልካ ተጋጣሚው ደረት ላይ ዐረፈች።

ጥበቃው የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጎሾቹ ራቅ ብለው በሚጫወቱበት ቅዳሜ፣ ድዌን አንድ ድስት የቦሎቄና የሥጋ ወጥ፣ ኤልደን ቀረፋ የተነሰነሰበት ጥቅል ዳቦ ይዘው ቨርሊን ቤት ከተፍ ይላሉ። ምድር ቤት ወርደው ቴሌቪዥኑ ፊት መሃላቸው ያስቀምጡታል። ብድግ ካለ «ወዴት ነው?» ይባላል። እንደ ቀልድ ነው የተጀመረው። ቀልድ መሆን አለመሆኑን ግን እስከ ዛሬ ለማጣራት የደፈረ የለም።

ቨርሊን ቡናውን ቀድቶ ተቀመጠ፤ ክርክሩም ከቆመበት ቀጠለ። ኤልደን ቅዳሜ የሰሜን ነፋስ እንደሚነሳ በጉልበቱ ሕመም አውቋል። ነፋስ ካለ አርቆ መወርወር አይሆንም፤ መወርወር ካልሆነ ደግሞ የእኛ ልጆች አንገታቸውን ቀብረው መሬት ለመሬት መሮጥ የሚችሉበት ስለሆነ፣ ለጥቂትም ቢሆን እናሸንፋለን ባይ ነው። ድዌን በዚህ አልተስማማም። የወንዝ ማዶዎቹ ሜዳ ጠባብ ነው፤ ተመልካቹ ማጅራትህ ላይ ይተነፍሳል። ከበስተጀርባ ያሉት የሚቀጠቅጡት ቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ፤ የገዛ አሠልጣኝህ ጆሮህ ሥር ቢጮህ አይሰማህም። ባይሆን በአስር ነጥብ ብቻ ከተሸነፍን ተመስገን እንበል አለ።

ቨርሊን አንድ ነገር ቅር አለው። ሌላ ሳምንት ቢሆን ድዌን ስለ ኳስ መምታት ብቻ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ያወራ ነበር። ዛሬ ስለ ነፋስ አወራ፣ ስለ ቆርቆሮ አወራ፣ ስለ ዳኞቹ ዘመዶች ሳይቀር አወራ፤ ስለ ምት ግን አንዲት ቃል አልወጣችውም። ኩባያውን አስቀመጠ።

«ድዌን፣ ስገባ የምታወራው ስለ ማን ነበር?»

«እ? ስለ አየሩ ነበር።»

«ስለ ልጅህ ነው» አለ ኤልደን።

ታነር የቨርሊን የመጨረሻ ልጅ ነው። በቡድኑ ውስጥ ያለችው ሥራ አንዲት ናት፤ ኳሷ በእግር የምትመታ ሲሆን ጎንበስ ብሎ በሁለት እግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ለመቺው መወርወር። በደንብ ሲሠራት ስሙን የሚያስታውስ የለም። እስካሁን ተጠባባቂ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ሜዳችን ላይ ዋናው ወርዋሪ ጉልበቱ ሲጎዳ ታነር ተተክቶ ገባ፤ የመጀመሪያዋን ኳስ በመቺው ራስ ላይ አሳልፎ ላካት። ጎሾቹ እንደምንም አሸነፉ። ኳሷ ግን ሳታርፍ ሰነበተች፤ በካፌው፣ በፀጉር ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አሁንም እየበረረች ነው። የተጎዳው ልጅ በዚህ ዓመት ስለማይመለስ በመጪው ቅዳሜም የሚያጎነብሰው ታነር ነው።

«ስለ እኔ መስሎኝ ነበር» አለ ቨርሊን ቀስ ብሎ።

«ስለ አንተማ አውርተን ከጨረስን ስንት ዘመኑ» አለ ኤልደን።

ድዌን ፊቱ ቀላ። «ስማኝ ቨርሊን። ያን ልጅ በትምህርት ቤት አውቶቡስ አመላልሼ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ብሎበት ሲያለቅስ ብብቱን ይዤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ክፉ አልመኝለትም። ግን ሲጮህበት ይቸኩላል። ሲቸኩል ኳሷ ሽቅብ ትወጣለች። ቴሌቪዥኑ እያዘገመ ሲያሳየው በደንብ አየሁት።»

«አንተ እዚያው ሜዳ አልነበርክም እንዴ?» አለ ኤልደን። «ቴሌቪዥን ምን አመጣው?»

«በቴሌቪዥን ይበልጥ ይታያል» አለ ድዌን፤ ኩባያውን ወደ አፉ አነሳ። ባዶ ነበር።

ቨርሊን ኮፍያውን አጠለቀ። ድዌን በሩ ድረስ ተከትሎት ወጣ፤ ምን እንደሚል ጨነቀው መሰል፣ ቢያንስ አንተ መቅረትህ ጥሩ ነው፣ በአንድ ሜዳ ሁለት መዓት ይበዛል አለ። ለማሳቅ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ያን ቀን ቨርሊን ቦቴውን ከእርሻ ቤት እርሻ ቤት እየነዳ የቤት ማሞቂያ ጋዝ ሲያድል ዋለ። የበረዶው ወራት ሊገባ ስለሆነ ሁሉም ማጠራቀሚያውን ማስሞላት ይፈልጋል፤ ሁሉም ስለ ታነር መጠየቅ ይፈልጋል። አንዷ ባልቴት «ልጅህን በጸሎቴ አስቤዋለሁ» አለችው። ልጁ ሆስፒታል የተኛ መሰለው። ቱቦውን ሲጠቀልል ቀኝ እጁን አየት አደረገ። የጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ጠማማ ነው። ታነር ገና ኳስ መወርወር ሲማር፣ ከጓሮው በረት አጠገብ ማታ ማታ እየቆመ የሚቀበለው ቨርሊን ነበር፤ ጣቱን የሰበረችው አንዲት ቀጥ ብላ የመጣች ኳስ ናት። ቨርሊን ሕመሙን ውጦ «እንደሱ ነው!» ብሎ ነበር የጮኸው።

ያ ጣቱን የሰጠ ሰው ነው ባለፈው ቅዳሜ፣ ልጁ ወደ ሜዳ ሲሮጥ፣ ከሚስቱ አጠገብ ተነስቶ ትሪቡኑ ሥር የወረደው። ከወንዶቹ ሽንት ቤት አጠገብ ካለው የሲሚንቶ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ግንባሩን ቀዝቃዛው ላይ አስደግፎ ቆመ። ሕዝቡ ከላይ በአንድ አፍ «ኦ» ሲል ሰማ። ያኔ አወቀ። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ ማርሊስ ወፍራም ካልሲዎችና ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ታነር ደውሎ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ለወላጆች የሚሰጠውን ቦታ ነገ ጠዋት ማስመዝገብ አለበት። አንድ ነው ወይስ ሁለት አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«አባትህን ጠይቀው አልኩት።»

ቨርሊን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ገዱ አነሳ። ጎሾቹን ወንዝ ማዶ ሄዶ ማርከስ እንደማይፈልግ፣ ልጁ ባለበት ደግሞ ይባስ ብሎ በእሱ ምክንያት ቢሸነፉ ራሱን ይቅር እንደማይል፣ ምድር ቤት ሆኖ በቴሌቪዥን ቢያይ ለሁሉም እንደሚሻል አስረዳ። ማርሊስ ካልሲውን ጥንድ ጥንዱን እያጋጠመች አስጨረሰችው።

«ይሄን ለነድዌን ንገራቸው፤ እነሱ ያምኑሃል» አለች። «እኔ አጠገብህ ነበርኩ።»

ቨርሊን ጠማማ ጣቱን ማሻሸት ያዘ።

«ልጁ ከሜዳ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ወዴት እንደሆነ ታውቃለህ? ወደ እኛ ነው። እኔ አለሁ፤ አጠገቤ ባዶ ወንበር።»

«ሽንት ቤት ሄዷል ብሎ ይሆናል።»

«እኔም እንደዚያ ነው የነገርኩት። አባባ ሲያፍር ነው የሚነሳው አለኝ።»

ቨርሊን ብዙ ጊዜ ፈርቶ ያውቃል፤ በበረዶ መንገድ ላይ ሙሉ ቦቴ ይዞ ተንሸራቷል። እንዲህ ያለ ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጦበት ግን አያውቅም። አፍሮ አይደለም የተነሳው። ግን ባዶ ወንበር ይህን እንዴት ይናገራል? ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ነፋሱ ከሰሜን ጀምሯል፤ የኤልደን ጉልበት አልዋሸም።

ታነር ቶሎ አነሳ። ስለ ትምህርት ተጠያየቁ፣ ስለ መኪናው ዘይት ተጠያየቁ። ከዚያ ልጁ «ድዌን ምን ይላል?» አለ።

«በአስር ነጥብ እንሸነፋለን ይላል።»

«ስለ እኔስ?»

ቨርሊንን መዋሸት አሰኘው። «ሲጮህበት ይቸኩላል ይላል።»

ከወዲያ በኩል ታነር በር ሲዘጋ ተሰማ።

«እውነቱን ነው» አለ ታነር። «ስንት ቦታ ላስይዝ?»

ቨርሊን ከመንገዱ ማዶ ያለውን የድዌንን ቤት ተመለከተ። የማድ ቤቱ መብራት በርቷል።

«ሦስት» አለ።

ድዌን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ቨርሊን ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ቦሎቄውን ዘርግቶ እየለቀመ ነበር።

«ቦሎቄውን ተወው፤ ቅዳሜ ቤት አልውልም» አለው ቨርሊን፣ እንደቆመ።

ድዌን መልቀሙን አላቋረጠም። «ጠዋት አልሄድም ብለኸኝ ነበር።»

«ጠዋት ስለ እኔ የምታወራ መስሎኝ ነው።»

«አንተ ከሄድክ እንሸነፋለን፣ ቨርሊን።»

«ብቀርም በአስር ነጥብ እንሸነፋለን ብለሃል።»

«በአስርና በሃያ መካከል ልዩነት አለ።»

ቨርሊን ተቀመጠ። ከዚያ የግድግዳውን ነገር ነገረው፤ ልጁ ሲገባ ተነስቶ እንደወረደ፣ ግንባሩን ሲሚንቶው ላይ እንዳስደገፈ፣ የባዶውን ወንበር ነገር፣ ታነር ለእናቱ ያላትን ሁሉ። የድዌን ጣቶች ቦሎቄው መሃል ቆሙ።

«አፍሮ ነው አለ?»

«እንደዚያ አለ።»

ድዌን ወደ ቦሎቄው ተመለሰ።

«ኤልደን መንገዱን አይችለውም» አለ ቨርሊን። «በአንተ ስም ቦታ አስይዣለሁ። እስከ ዛሬ ቤቴ መጥታችሁ ከወንበር እንዳልነሳ ስትጠብቁኝ ኖራችኋል። ቅዳሜ ደግሞ እዚያ ጠብቀኝ። ልጁ ጎንበስ ሲል ብድግ ካልኩ ኮቴን ጎትተህ ቁጭ አድርገኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ድዌን ከቦሎቄው ውስጥ አንዲት ጠጠር ለቅሞ አወጣ። በመብራቱ አገላብጦ አያት፤ ከሌሎቹ ጠጠሮች ጎን በጥንቃቄ አስቀመጣት።

«ለዚህ ሥራ ሌላ ሰው ብትፈልግ ይሻልሃል» አለ። «ከዚያ ግድግዳ ወዲያኛው በኩል ማን ቆሞ የነበረ ይመስልሃል?»