የአምስተኛው ጭራቅ እጅ

ጠሃ በዚያ የገበያ ቀን አፉን መክፈት ሲገባው እጁን የዘረጋው ለምንድን ነው? ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን ያልጠየቀ ሰው አልነበረም። ከሁሉ አብዝቶ የጠየቀው ግን ራሱ ጠሃ ነው፤ መልስም አላገኘለትም። ነገሩን ከሥሩ ማውራት ይሻላል።

ጠሃ በመንግሥት ተልኮ ምሥራቅ ጀርመን አራት ዓመት ተምሮ የመጣ የሐይቅ ልጅ ነው። ዘመድ አዝማዱ መሐንዲስ ሆኖ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ የተማረው ከስንዝር የማይበልጡ የተረት ምስሎችን መሥራትና መቀባት ነበር፤ ጭራቆች፣ ከመቃብር የተነሡ ወታደሮች፣ ወረርሽኝ የበላቸው ነገሥታት። በተለይ የተካነው መበስበስን ነው። ቡናማ ቀለም አቅጥኖ በምስሉ ስንጥቅ ውስጥ ያፈስና የላዩን በጨርቅ ይጠርገዋል፤ ስንጥቁ የቆየ ቁስል ይሆናል። የጡብ ዱቄት በሙጫ ለውሶ የወታደሩን የብረት ልብስ የዛገ ያስመስለዋል። ጥጥ ሙጫ ነክሮ በመርፌ ሲስበው መግል ይመስላል፤ ከላዩ የእንቁላል ነጭ ሲያስነካው ደግሞ አሁን የፈነዳ ይሆናል። ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ ነገር ይደጋግሙለት ነበር፦ «ያላየኸውን አትቀባ።»

አገሩ ሲገባ እናቱ ሞታለች። ገላዋን ያጠበችው ጎረቤታቸው ኑርሀያት ነበረች፤ ሸክላ ሠሪ፣ የእናቱ የልብ ወዳጅ፣ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ «እታቴ» የሚላት። የኑርሀያት ቀኝ እጅ ከጣቶቿ ጫፍ እስከ አንጓዋ ለምጽ የወረሰው ነው። ነጩ ከጠይሙ የሚገናኝበት ዳር እንደ ሐይቁ ዳርቻ ወጣ ገባ ይላል። ሰው ግን ስለዚያ እጅ አያወራም። አላህ የሠራውን ሰው አያርምም ይባላል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እንስራዋን ይገዛል፣ ሠርግና ሐዘን ላይም አብሯት ይበላል።

ጠሃ በመጣ በሳምንቱ ቤቷ ጠርታ አበላችው። በዚያች እጅ ስታጎርሰው አፉን ከፍቶ ጎረሰ፤ አመሰገነ። እያኘከ ግን ዓይኑ የነጩን ዳር ይለካ ነበር። ሙያ ክፉ ነው፤ ማዕድ ላይ እንኳ አያርፍም።

ሰባት ወር ሥራ ሳይኖረው ወንበር አሞቀ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲቃረብ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ አስረስ አስጠራው።

«ጓድ ጠሃ፣ ለኤግዚቢሽኑ አምስት ጭራቅ ትሠራለህ። እያንዳንዱ አንድ በሽታ ይሁን። ሕዝቡ የበሽታን መልክ አይቶ ይጥላው።»

«ጭራቅና ሳይንስን ምን አገናኛቸው?»

«አንተ ቀባ፤ ማገናኘቱን ለኛ ተወው።»

ጭቃውን ከኑርሀያት ወሰደ። «ለኔ እንስራ፣ ላንተ ጅኒ፣ ለሁሉም አንድ አፈር፣» እያለች እየሳቀች አቡክታ ሰጠችው።

ወባውን፣ ፈንጣጣውን፣ የሳንባ ነቀርሳውንና ዓይነ ማዙን ጭራቅ ያለ ችግር ጨረሳቸው። አምስተኛው ቁምጥና ነበር። ቢቀባው፣ ቢያጥበው፣ መልሶ ቢቀባው ኖራ የተረጨበት ግድግዳ መሰለ። ያላየውን እየቀባ ነበርና። በሦስተኛው ቀን ብሩሹን አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ፤ የመጣችለት የኑርሀያት እጅ ናት። ዳሯን በቀጭን ብሩሽ አወጣው፤ በአውራ ጣቷ ዙሪያ የሚዞረውን ነጭ ሳይቀር። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች ቆረጠ፣ አውራ ጣቱ ላይ ቁስል አበቀለ፣ የእንቁላል ነጩን አስነካው። ለምጽ ሌላ፣ ቁምጥና ሌላ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ግን እውነት መሰለ። እውነት የመሰለ ሥራ ማጥፋት ደግሞ አልሆነለትም።

የበዓሉ ዕለት ሰው በሰልፍ አዳራሹ ገባ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያማትባል፣ አንዱ «አዑዙ ቢላህ» ይላል። አምስተኛው ጭራቅ ዘንድ ሲደርሱ ቅቤ ነጋዴዋ ሂንድ ቆማ ቀረች።

«ውይ! ይቺን እጅስ አውቃታለሁ።»

«ምነው፣ ከጭራቅ ትወለጃለሽ እንዴ?» አላት ከኋላዋ የተሰለፈው ውበቱ የሚባል ልብስ ሰፊ።

«ሳቅ አንተ! የኑርሀያት እጅ ናት። ወሏሂ፣ አውራ ጣቷን እየው!»

ሳቁ ቆመ። ጓድ አስረስ አጠገቡ ወደ ቆመው ጠሃ ዞረ። «ጓድ ጠሃ፣ ይህ ከምናብህ ነው ወይስ ከእውነት?»

«ከምናቤ ነው» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አገሩ ከገባ ጀምሮ ስለ ሙያው ማንም አንዲት ቃል ጠይቆት አያውቅም።

«ከሕይወት የተቀዳ ነው፣» አለ፤ ደረቱም ትንሽ ተነፋ።

ከምስሉ ሥር በቀይ ቀለም «ቁምጥና» ተብሎ ተጽፏል። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው አነበበለት።

በሚቀጥለው ገበያ ከኑርሀያት እንስራ አንዱም አልተነሣ። ሂንድ አምና የገዛችውን ድስት አምጥታ አጠገቧ አስቀምጣ ሄደች። ኑርሀያት ሸክላዋን ለጎረቤት አደራ ብላ በቀጥታ አዳራሹ መጣች።

«አሳየኝ፣» አለችው ጠሃን።

«እታቴ፣ ይቅርብሽ።»

«አገር ያያትን እጅ እኔ ባለቤቷ ሳላያት ልቅር?»

ጎንበስ ብላ ምስሉን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። «ጥርሱ አላማረም፣» አለች በመጨረሻ። «እጄን ግን ደህና አድርገህ አይተሃታል። መቼ ነው እንዲህ ያየሃት?»

ጠሃ መሬት መሬት አየ። እሷም ያን ዕለት ስታጎርሰው እንደሆነ ገባት፤ ፊቷ ላይ ታየው።

«አልረግምህም። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። የሚመጣው ገበያ መሀል ላይ ላጉርስህ። ሐኪም ቢምል ቢገዘት አያምኑም፤ ሠሪው ራሱ ከእጄ ሲጎርስ ግን ያምናሉ።»

«እጎርሳለሁ እታቴ፣ ወሏሂ!»

«አትማል። ና ብቻ።»

ያ ዓመት ዝናብ የቀረበት፣ እህል የጠፋበት ነው። ኑርሀያት ግን ከቀራት የዘንጋዳ ዱቄት እንጀራ ጋግራ፣ ሽሮ ሠርታ መጣች። ሰው ከበባት፤ ሂንድም፣ ውበቱም አሉ። ጠሃ መጣ። ማልዶ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ።

«ቢስሚላህ፣» አለችና ጠቅለል አድርጋ እጇን ወደ አፉ ሰደደች።

አውራ ጣቷ ላይ አንድ ነገር እርጥብ ብሎ አብለጨለጨ። ወጥ ነው። ጠሃ ወጥ መሆኑን ያውቃል። ግን ያን አውራ ጣት ቀን ከቀን እያቆሰለ የከረመው ዓይኑ የቀባውን አየ። መዳፉ ከአፉ ቀደመ፤ ተዘረጋና ጉርሻዋን ተቀበላት።

ወዲያው ነቅቶ ከመዳፉ ጎረሰ፤ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ አድርጎ አኘከ። ምን ዋጋ አለው።

«እሱም ፈራ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ኑርሀያት እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አብሽር፣ ጠሃዬ፣» አለችው ዝግ ባለ ድምፅ፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል። «ሰው ነህ።» ከዚያ ሸክላዋን አንድ በአንድ ትሰበስብ ጀመር፤ ሊያግዛት ሲጠጋ በክንዷ መለሰችው።

የዚያኑ ዕለት ጠሃ ምስሉን አዳራሹ ውስጥ ከመሬት ፈጠፈጠው። ጓድ አስረስ የሕዝብ ንብረት አጥፍተሃል ብሎ ለምስሎቹ ሊከፈለው የነበረውን ገንዘብ ከለከለው። የተሰበረው ግን ጭቃው ነው፤ የታየውን ማን ይሰብረዋል? በበነጋታው እሷ ቤት ሄዶ ደጃፏ ላይ እስኪደክመው ቆመ፤ ማንኳኳት አቃተውና ተመለሰ። ይህንን ሦስት ቀን አደረገው።

በኅዳር ወደ ወለጋ የሚወስደው የሠፈራ ምዝገባ ተጀመረ። ኑርሀያት ማንም ሳያስገድዳት ሄዳ ስሟን አስጻፈች። «ሸክላ የሚሆን አፈር የትም አይጠፋም፣» ማለቷን ጠሃ የሰማው ከሌላ ሰው ነው። መኪኖቹ ሲነሡ ደረሰ፤ የመጨረሻው በደሴ መንገድ አቧራውን ትቶ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ነው ድፍረት የመጣለት፤ እንዲህ ያለው ድፍረት የሚመጣው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ገበያ መሀል ቆሞ፣ እየተንተባተበ፣ ለምጽ የሚጋባ ደዌ እንዳልሆነና እጇን የሰረቀው እሱ እንደሆነ ተናገረ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ሂንድ አለቀሰች።

በጥር፣ ለሠፋሪዎች እህል የሚያመላልስ ኢስሃቅ የሚባል ሾፌር ወለጋ ሊሄድ መሆኑን ሰማና ደብዳቤ ሰጠው። አራት ጊዜ ጽፎ ሦስቱን ቀዷል። በአራተኛው ይህን ብቻ አስቀረ፦

«እታቴ ኑርሀያት፣ በአላህ ስም እንደምን አለሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሰውም ተናግሬያለሁ። ቤትሽን እየጠበቅሁ ነው። ነይ በይኝና መጥቼ ልውሰድሽ። አልመለስም ካልሽም ይህንኑ በሰው እጅ ላኪብኝ። ልጅሽ ጠሃ።»

ኢስሃቅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ደብዳቤውን ለራሷ በእጇ ሰጥቷታል። ለሠፈራው ጸሐፊ አስነብባ፣ አጥፋ፣ ጡቷ ሥር አስገብታዋለች።

«ምን አለችህ?»

«ምንም። ‹መንገዱ ደህና ነው?› ብላ ጠየቀችኝ።»

ኢስሃቅ እስከ ክረምት ድረስ ስድስት ጊዜ ወለጋ ተመላለሰ፤ ጠሃም ስድስት ጊዜ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ ጠበቀው። መልስ አልመጣም።