ለአባት ካርታ፣ ለልጅ ጥያቄ

ቀለምወርቅ ጅግጅጋ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ በምክር ሥራ ቀጥሯት ከደሴ ስትመጣ፣ የምትኮራበት ዘዴ ነበራት። ጎረምሳን አፍጥጠው አይጠይቁትም፤ እጁን ጨዋታ ካስያዙት ምላሱ በራሱ ጊዜ ይፈታል። ለትልቅ ሰው ግን ጨዋታ ስድብ ነውና፣ ወንበር ሰጥቶ ፊት ለፊት መጠየቅ ነው። ደሴ ላይ ይህ ነገር ማንንም አስቸግሮ አያውቅም።

ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት ጋሽ ገብረክርስቶስ ልጃቸውን ማቲዎስን ከፊት ከፊት እየነዱ መጡ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ በሕፃንነቱ ስላረፈች ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

"ልጄ አፉ ተዘግቶብኛል፣ ሲስተር" አሉ።

ሲስተር እንዳልሆነች አስረዳቻቸው። "እሺ፣ ሲስተር" አሉና ቀጠሉ። ልጁ ከአዲስ ዓመት ወዲህ ከ"እሺ" እና ከ"በላሁ" ሌላ ቃል አይወጣውም። ጠበል ወስደውታል። ሰፈሩ ኤዶ፣ አክስት፣ የሚላት ጎረቤታቸው ናስትሆም በበኩሏ ቁርኣን አስነብባለታለች። መርፌ ካለው ይወጋ፣ እሳቸው አይከለክሉም።

ቀለምወርቅ አባትየውን ወደ ውጭ ሸኝታ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ስታገኛቸው ደግሞ ወደ ግቢው በር አዛወረቻቸው። ከዚያ ካርታ አውጥታ ኮንከር መጫወት ይችል እንደሆነ ማቲዎስን ጠየቀችው። ልጁ ካርታውን አየ፤ እሷን አየ። አንድ ዙር በትሕትና ተጫወተና አሸነፋት። በሁለተኛው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

"ቲቸር፣ ካርታ ከጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ። የምትጠይቂኝ ካለሽ ጠይቂኝ።"

እሷም ደንገጥ ብላ ጠየቀችው። ማቲዎስ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ነገሩን ከሥሩ ነገራት። አባቱ በየእረፍቱ ሱቁን ዘግቶ፣ ዝናብ በሌለበት ጃንጥላ ይዞ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ልጆቹ "ሚኒስትሩ፣ ጠባቂህ መጣ" ይሉታል። በልመናም በቁጣም ነገረው። አልሰማ ሲለው ዝም አለ። ሲጨርስ ሰዓቱን አይቶ፣ ሌላ ጥያቄ ካላት እንድትቀጥል ጋበዛት።

ልጁ የነገራትን ለአባቱ ማውጣት አትችልም። ስለዚህ በሌላ ቀን ጋሽ ገብረክርስቶስን ብቻቸውን ጠርታ፣ ልጃቸው ከዓይናቸው ሲርቅ ምን እንደሚሰማቸው ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው። እሳቸው የድሪያ ጨርቅ እንደተወደደ ነገሯት። ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆነ ጠየቀች። በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው ጨርቅ ቀለሙ እንደሚለቅ አስረዷት። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው ከጠረጴዛው ጥግ አልተነሣም።

"ካርታ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

ካርታውን አቀበለቻቸው። ጋሽ ገብረክርስቶስ ኮታቸውን አውልቀው ካርታውን በወዙ። ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ። ያጭበረብራሉም፤ ጆከሩን እጅጌያቸው ውስጥ ሲከቱ እያየች እንዳላየ አለፈች። እንዲህ ሲጫወቱ፣ አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታወክ፣ ልጁን ታቅፈው ኤዶ ናስትሆ ቤት ከእህል ጆንያ ኋላ ተደብቀው ነበር። እሷ በሯ ላይ ቆማ መጣ የተባለውን ሁሉ በጩኸት መለሰች። ያ ጊዜ አልፏል፤ ከተማው ሰላም ነው፤ እሳቸውም ያውቁታል። እግራቸው ግን አያውቅም። እረፍት ሲደርስ በራሱ ይነሣል።

"ጃንጥላውስ?"

"ባዶ እጄን ብቆም ሰው ምን ይለኛል?" አሉና ካርታ ጣሉ።

ለልጃቸው ነግረውት እንደሆነ ጠየቀች። ልጅን እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያስታውሱታል ብለው ተቆጧት። ቢሆንም ለምና አስፈቀደቻቸውና በሳምንቱ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀመጠች፤ ለአባት ካርታ ሰጠች፣ ልጅን ደግሞ የዚያን ክረምት ምን እንደሚያስታውስ በቀጥታ ጠየቀችው።

ማቲዎስ አሰበ። "ከእነማሃድ ጋር በአንድ ፍራሽ ተኛን። የግመል ወተት ጠጥቼ ሆዴን አመመኝ። እኔ እኮ በዓል መስሎኝ ነበር" አለ። ማሃድ የኤዶ ናስትሆ ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬም ጓደኛው ነው።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ካርታውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። ማቲዎስ ግራ ተጋብቶ ወደ አባቱ ተጠጋ። አባትየው ያን ጊዜ በዓል ሳይሆን ተደብቀው እንደነበር ነገሩት። "ለምን አልነገርከኝም?" አለ።

ከዚያ በኋላ ጃንጥላው ከትምህርት ቤቱ በር ወደ መንገዱ ማዶ ሸሸ፤ ቀጥሎም ጨርሶ ቀረ። ትምህርት ሲዘጋ ማቲዎስ ከማሃድ ጋር ሀርሺን ወረዳ፣ የማሃድ አያት ዘንድ፣ ልሂድ አለ። አባትየው ፈቀዱ። እዚያ ኔትወርክ የለም ሲባል ግን ያን ሳምንት ክሊኒኩን ቤታቸው አደረጉት፤ ቀለምወርቅን በኮንከር ፈጇት።

ልጁ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ አቧራ ለብሶ ተመለሰ። የማሃድ አያት የሸለሙትን ፍየልም ይዞ ነበር። በማግስቱ አባትና ልጅ እየተጨቃጨቁ ከነፍየሏ ክሊኒኩ ደረሱ። አባት የኪራይ ቤት ውስጥ ፍየል አይኖርም ይላሉ፤ ልጅ ስጦታ አይመለስም፣ ማሃድ ምን ይለኛል ይላል። ፍየሏ ከሱቅ አንድ ጣቃ ጨርቅ ከዳር መብላቷም ተነሣ። ማቲዎስ ጨርቁ መጀመሪያውኑ ቀለሙን የሚለቀው ዓይነት ነው ብሎ መለሰ። አባትየው ዛሬ ከልጃቸው አፍ ያልሰሙት ቃል አልቀረም።

ቀለምወርቅ ሁለቱንም ለማስቀመጥ ወንበር ፈለገች። ለማን ካርታ፣ ለማን ጥያቄ እንደምታቀርብ ገና ሳትወስን፣ በር ላይ የታሰረችው ፍየል የክሊኒኩን መጋረጃ ጀምራው ነበር።