የእሁድ ብስክሌት

ጠሃ ሁለት ባዶ የቡና ጆንያ ከብስክሌቱ ኋላ ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ፣ ለጢፋን በግራው፣ አሊን በቀኙ ከተተ። የአራት ዓመት ልጅና ዓመት ተኩል ያልሞላው ሕፃን እኩል አይመዝኑምና ብስክሌቱ ወደ ግራ ተንጋደደ። ቡና በበቅሎ በሚጫንባት በየቡ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ጭነት እንዴት እንደሚስተካከል አይጠፋውም፤ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሳና አሊ ያለበት ጆንያ ውስጥ ጨመረ። ብስክሌቱ ቀጥ አለ።

«ተስተካከለ» አለ።

«ለበቅሎ ከሆነ ተስተካክሏል» አሉ ጋሽ ወልደሰማያት። «ቁልቁለቱ ላይ ስትነጥር ግን ድንጋዩ የሚያርፈው ልጁ እግር ላይ ነው። አውጣቸው።»

ጋሽ ወልደሰማያት በየቡ ብስክሌት የሚጠግኑ ብቸኛ ሰው ናቸው። ጠሃ የደረሰባቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ሲሉ ነው። በሰንበት መዶሻ አንስተው አያውቁም። የልጆቹን ነገር ሲሰሙ ግን የሱቃቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ያበደ ውሻ የእነጠሃ ግቢ ገብቶ ሁለቱንም ልጆቹን ነከሰ፤ ለጢፋን ባቷ ላይ፣ አሊን ክንዱ ላይ። ቅዳሜ ጧት በቡና መኪና ተሳፍረው ጅማ ሆስፒታል ደረሱ። ነርሷ የመጀመሪያውን መርፌ እምብርታቸው አጠገብ ወጋቻቸውና፣ ገና አሥራ ሦስት እንደሚቀር፣ በየቀኑ እንደሚሰጥ፣ አንድም ቀን መዝለል እንደሌለበት አስጠነቀቀች። ጠሃ ደጋግሞ አመስግኖ በዚያው መኪና ተመለሰ። ለነገ በምን እንደሚሄድ አላሰበም። የሳምንቱ ታላቅ ቀን አርብ ለሆነበት ሰው እሁድ እንደ ማንኛውም ቀን ነው። ነዳጅ ይቆጠብ ተብሎ እሁድ እሁድ መኪና እንዳይንቀሳቀስ መንግሥት መከልከሉ ትዝ ያለው የመግሪብን ሶላት ሲጨርስ ነበር።

ጎህ ሲቀድ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ሄዶ አንድ መኪና እንዲፈቀድለት ለመነ። ሊቀመንበሩ አዘኑለት፤ ፈቃዱ የሚገኘው ግን ከአውራጃ እንደሆነ ነገሩት። አውራጃው ያለው ጅማ ነው። እንግዲህ ጅማ የሚወስደውን ወረቀት ለማምጣት ጅማ መሄድ ሊኖርበት ነው። እሁድ ደግሞ መርፌ የሚሰጠው እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው። አሁን አሥራ ሁለት ተኩል አልፏል፤ ከፊቱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ኮረኮንች አለ።

ሚስቱ ዘይቡ የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ ታያለች። ከአርብ ጀምሮ ከሚያስፈልገው በላይ ቃል አልተነፈሰችለትም።

ጋሽ ወልደሰማያት የራሳቸውን በርጩማ እግሮች በመጋዝ ቆረጡና፣ ከመቀመጫው እስከ መሪው በተዘረጋው ብረት ላይ አድርገው በአሮጌ ከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠፈሩት። አሊ የሚቀመጠው እዚህ፣ በአባቱ ሁለት ክንዶች መካከል ነው። ጠሃ ዓይኔ ሥር ይሁኑ ብሎ ሁለቱንም ከፊት ለማድረግ ፈልጎ ነበር። ሽማግሌው እምቢ አሉ። ከፊት ሁለት ልጅ ከተጫነ መሪው አይታዘዝም፤ ጉድጓድ ሲመጣ ማምለጫ የለም። ትልቋ ከኋላ ትሁን አሉ። እሳቸውን የሚያስፈራቸው እግሯ ነው፤ ራጂው፣ የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች መሐል ከገባ ጎማው እንደ ሸንኮራ ይሰብረዋል። ጠሃ ልብስ ሰፊ ነውና ጆንያዎቹን ቀዶ የኋላውን ጎማ በሁለቱም በኩል ሸፈነና ሰፋቸው። ስለቸኮለ መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቱን ወጋው። በዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ሄደ።

ለጢፋ ከኋላ ተቀመጠች። ዘይቡ አሊን የምታዝልበትን ጨርቅ በልጅቷ ሆድና በባሏ ወገብ አዙራ ጠበቅ ስታደርገው ልጅቷ ጮኸች።

«ሆዴን! አባ፣ ሆዴን!»

የትናንቱ መርፌ የገባበት ቦታ አብጧል፤ ዛሬ ደግሞ ከጎኑ ሌላ ይጨመርበታል። ዘይቡ ጨርቁን አላላችው። ሲላላ ልጅቷ ወደ ጎን ተንሸራተተች። ደረቷ ላይ ቢያስሩትም ወርዶ ያው ሆዷ ላይ ያርፋል። ጠሃ ፀሐይዋን አየ። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ በሌላው ልጅቷን ደግፎ እንደሚነዳ ተናገረ።

«ማሎ፣ ጋሼ» አለች ዘይቡ እየለመነች። «ሰዓቱ ሊያመልጠን ነው። ማሎ፣ አንድ ነገር ያድርጉ።»

ሽማግሌው አገጫቸውን እያሻሹ ብስክሌቱን ዞሩት።

«አዙሯት» አሉ በመጨረሻ። «ፊቷ ወደ ኋላ፣ ጀርባዋ ከጀርባው ጋር።»

የዘይቡ ጨርቅ ስለሚያጥር የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው አጠፉት። በለጢፋ ትከሻዎች ላይ አሳልፈው፣ በብብቷ ሥር አውጥተው፣ የጠሃን ትከሻና ብብት አዙረው ደረቱ ላይ ቋጠሩት። ሆዷን የሚነካ ነገር የለም። አሊ በርጩማው ላይ ወጣ። ጠሃ ደጁን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ብስክሌቱ ጸና። ለጢፋ እናቷ ወደ ኋላ የምትሸሽ መስሏት ሳቀች።

«ቋጠሮው እንዲህ ደረትህ ላይ ይሁን፤ ጫፉን ስትስበው ይፈታል» አሉ ጋሽ ወልደሰማያት። «ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ ካለህ ሳብ ታደርገውና ዘለህ ትወርዳለህ። አንተ ከተሰበርክ የሚያነሳቸው የለም።»

የደግ ሰው ምክር ነበር። ጠሃ ግን «ዘለህ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱ ነደደ። ዘይቡ መሬት መሬት አየች።

አርብ ዕለት ውሻው ሲገባ ጠሃ በረንዳው ላይ ልብስ እየሰፋ ነበር። ልጆቹ እግሩ ሥር ይጫወቱ ነበር። ሳያስበው ዘሎ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ወርዶ ውሻውን በወንበር እስኪያባርር ሁለቱም ተነክሰው ነበር። ሦስት ትንፋሽ ያህል ቢሆን ነው። ዘይቡ ከበሩ ሆና ሁሉንም አይታለች። ቃል አላነሳችም፤ እሱም እስካሁን ይቅር በይኝ አላላትም።

ጠሃ ጫፉን ሳበ። ቋጠሮው እንደተባለው ወዲያው ተፈታ። ሁለቱን ጫፎች ለሚስቱ አቀበላት።

«ከኋላ ቋጥሪው።»

«እጅህ አይደርስበትም እኮ» አሉ ሽማግሌው።

«አውቃለሁ ጋሼ። እጄ ከደረሰበት ፈትቼ እዘላለሁ።»

ጋሽ ወልደሰማያት ሊከራከሩ ከጀመሩ በኋላ የዘይቡን ፊት አይተው ተዉት። ዘይቡ ጫፎቹን ተቀበለች። ከዚያ በባሏ ብብት ሥር ወደ ኋላ አሳለፈቻቸው፤ በሁለቱ ጀርባ መካከል አንድ ጊዜ ቋጠረች፣ ደገመች፣ እንዳይላላም ጎንበስ ብላ በጥርሷ ሳበችው።