ለነብሮ የተለመነ ጥይት

አቶ ከድር በየቀኑ ከደጃፌ ላይ ቆመው ስለ ውሻዬ የሚጠይቁኝ ሊጠቁሙብኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግምቴ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ዘመኑ ያስለመደኝ ነው። ጠያቂ ሁሉ ጠቋሚ በሚመስልበት በዚያ ወቅት፣ ደግነት ራሱን የሚያስረዳበት ቋንቋ አጥሮት ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ነው። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ቱም ቆላ ስወርድ ውሻዬ ነብሮ ተከትሎኝ ወርዶ ነበር። ከተመለስን በኋላ ይከሳ ጀመር። ድዱ ነጣ፤ ግራ ዓይኑን ጉም የመሰለ ነገር ሸፈነው፤ ሲራመድም የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። በከብት ክሊኒኩ የሚሠራው በዛብህ ከንፈሩን ገልጦ ካየው በኋላ፣ «ገንዲ ነው። የቆላ ዝንብ ነው ያስያዘው። የበሬ መድኃኒት አለኝ፤ ለውሻ የሚሆነውን መጠን ግን በግምት ነው የምወጋልህ» አለኝ። ወጋልኝ።

ሥጋቴ ግን ገንዲው ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን አጠገባችን ባለችው አማን ከተማ ውስጥ አንድ ያበደ ውሻ ሰው ነክሶ ስለነበር፣ ቀበሌያችን ሕመም የታየበትን ውሻ ሁሉ በተመረዘ ሥጋ ለማስወገድ ወስኖ ነበር። መርዙ እንዴት እንደሚገድል በመንገድ ዳር አይቻለሁ፦ ሰውነትን እንደ ደጋን ገትሮ፣ ነፍስን ሳያደነዝዝ፣ እያዘገመ። ስለዚህ ምኞቴ ሁለት ነበር፤ ቢቻል ነብሮ እንዲድን፣ ካልተቻለም በዚያ አሟሟት እንዳይሞት። ከጓሮው ክፍል ዘግቼ አስታምመው ጀመር።

አቶ ከድር ጎረቤቴ፣ ባለ ሱቅና የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አባል ናቸው። ከሰዓት በኋላ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ከደጃፌ ላይ ቆም ይላሉ፤ ወደ ግቢው ግን አይዘልቁም።

«መምህር፣ ዛሬስ በላ?»

«በላ፣ ጋሽ ከድር።»

«ውሃስ?»

«ጠጣ፤ ደኅና ነው።»

አንዱም እውነት አልነበረም። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይሄዳሉ፤ እኔም የጓሮውን በር መቀርቀሬን እንደገና አረጋግጣለሁ።

አንድ ቀን ግን ከመስጊድ ሲመለሱ ሳይጠሩኝ ዘው ብለው ገቡ።

«መምህር፣ ውሸት አያምርብህም። የበላ ውሻ ሌሊቱን ሲያቃስት አያድርም። ግድግዳችን እኮ አንድ ነው!»

«ታዲያ ለቀበሌው ለምን አልተናገሩም?» አልኋቸው።

«ተናግሬአለሁ እንጂ። ውሻው ገንዲ እንጂ እብደት የለበትም ብዬ ዋስ ሆኛለሁ። ሰው ቢነክስ ከአንተ በፊት የምታሰረው እኔ ነኝ።»

«ለምን? ለእኔ ውሻ?»

ከደረጃው ላይ ተቀመጡና ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«አምና ድመቴ ሞተችብኝ። ውሮ፤ ከስኳሩ ጆንያ ላይ የምትተኛዋ። ወር ሙሉ ታማ በሙቅ ወተት ሳባብላት ኖሬ ሞተች። ሱቁን ዘግቼ ተኛሁ። ለድመት አዝኖ ተኛ ከሚሉኝ ብዬ ወባ ነው አልኋቸው። አገሩ ሁሉ ስለ ወባዬ ሲጠይቀኝ ሰነበተ፤ ስለ እሷ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ጭራሽ ለሌለብኝ ወባ ኪኒን አስዋጡኝ፤ ወላሂ! ምሬቱ እስካሁን ከምላሴ አልወጣም።» ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ተዉት። «ግቢህ ያልገባሁት ተጠይፌህ አይደለም። ታጥቤ ለሶላት ስሄድ ምራቁ ከነካኝ ትጥበቴ ይበላሽብኛል። ዛሬ ሰግጄ ነው የመጣሁ። አሁን አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። ራቅ ብለው ቁጢጥ አሉና በስሙ ጠሩት፤ ነብሮም በደኅናው ዓይኑ ፈልጎ አያቸው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሰግደው ሲመለሱ እየገቡ ከእኔ ጋር ይቀመጡ ነበር። በዛብህ ሁለተኛ ጊዜ ወጋው፤ ለውጥ አልመጣም። «ከዚህ በላይ ብደግመው መድኃኒቱ ራሱ ይገድለዋል» ብሎ መርፌውን ጠቀለለ። ነብሮ መቆም አቃተው፤ ቀጥሎም ውሃ መዋጥ ተሳነው።

«መምህር» አሉኝ አቶ ከድር፣ «እስካሁን ስለ ውሻው ስጠይቅህ ኖርሁ። አሁን ስለ አንተ ልጠይቅህ። የምታቆየው ለእሱ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?»

ስለ ሕማምና ስለ ምሕረት ያነበብሁት ብዙ ነበር፤ ለዚህች ጥያቄ ግን የሚሆን አንድም ዓረፍተ ነገር ከዚያ ሁሉ ላገኝ አልቻልሁም። «ለራሴ ነው» አልኋቸው።

«እኔም እንዲሁ ነበርሁ። የሚጠይቀኝ ስላጣሁ አለልክ አቆየኋት።»

አንዲት ጥይት ለመለመን አብረን ወደ ቀበሌው ሄድን። በሩ ላይ የአብዮት ጥበቃው ከፈለኝ ጠመንጃውን ታቅፎ ተቀምጧል።

«ጓድ ከድር፣ ይህ ጥይት የተሰጠኝ ለፀረ አብዮት ነው እንጂ ለውሻ አይደለም» አለ። «መርዙ አለ አይደል?»

«መርዙን ተወው። ይህ ውሻ አንድ ቀን እንኳ ስብሰባ ተገኝቶ አያውቅም፤ ከዚህ የባሰ ምን ፀረ አብዮት ትፈልጋለህ?»

ከፈለኝ የሰማ ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ከዚያ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። «አንዲት ጥይት ብቻ ናት እንግዲህ፣ ጋሼ። ቢጠይቁኝ እርስዎን ነው የምጠራው።»

«ጥራኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ነብሮን ተሸክሜ ከጓሮው ቡና ሥር፣ ጥላው ላይ አስተኛሁት። እስኪረጋጋ አንገቱን አሸሁለት፤ ከዚያ ተነሥቼ አቶ ከድር አጠገብ ቆምሁ። ከፈለኝ አንድ ጊዜ ተኮሰ። ጉድጓዱን ከአቶ ከድር ጋር እየተፈራረቅን ቆፈርን፤ እኔ አስገባሁት፤ አፈሩንም አብረን መለስን።