ስለት በአራት ቁጥር ክፍል

ኢያቄም ከኮን ወደ ላሊበላ በእግሩ መሄዱን የሚጠራጠር ካለ እናቱን ወይዘሮ ገለቴን ይጠይቅ። ሳይነጋ ተነስተው ስንቁን የቋጠሩለት፣ ዱላውን ያቀበሉት፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ከዓይናቸው እስኪሰወር የሸኙት እሳቸው ናቸው። እውነትም ልጁ በእግሩ ሄዷል፤ ከቤታቸው እስከ መኪናው መንገድ ያለችውን ቁልቁለት። እዚያ ሲደርስ ከአንድ ባሕር ዛፍ ጀርባ ቆሞ ግራ ቀኙን አየ፣ የሚያውቀው ሰው አለመኖሩን አረጋገጠ፣ ከዚያ ለጋሸና ሚኒባስ እጁን ዘረጋ። ዱላው ስላላስገባው ረዳቱ ከወንበሩ ሥር ከተተለት።

ነገሩ የመጣው ከስለት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ኢያቄም የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሁለቱም እግሮቹ ተሰባብረው ነበር። አዲስ አበባ ሐኪሞቹ ብረት አስገቡለትና ‹‹ከእንግዲህ በክራንች ከሄደም ትልቅ ነገር ነው›› አሉ። ወይዘሮ ገለቴ ሐኪም ባለው ነገር ላይ ያን ያህል እምነት የላቸውም። እዚያው የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተንበርክከው፣ ‹‹ቅዱስ ላሊበላ፣ ይህን ልጅ ብታቆምልኝ ከደጄ ተነስቶ በገዛ እግሩ መጥቶ ለገና ይሳለምሃል›› ብለው ተሳሉ። የተሳሉት በኢያቄም እግር ነው፤ የኢያቄምን ፈቃድ ግን አልጠየቁም። እናት ለልጇ ስትሳል ፈቃድ የምትጠይቅበት አገር ካለ ይነገረን።

እግሩ ዳነ። እንዲያውም ከድሮው በለጠ። እሑድ እሑድ አዲስ አበባ ሰፈሩ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታል፤ ያውም አጥቂ ሆኖ። የስለቱ ነገር ሲነሳ ብቻ ያ ብረት ትዝ ይለዋል። ለኳስ ሲሆን ሥጋ፣ ለስለት ሲሆን ብረት የሚሆን እግር ነው ቅዱሱ የሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት ሥራ በዛበት። በሁለተኛው መንገዱ አስጊ ነው አለ፤ ይህ እንኳ ሐሰት አልነበረም። ዘንድሮ ግን ሰበቡ ሁሉ አለቀበትና ኮን መጣ። ‹‹ከጎረቤቶቻችን ጋር አብረህ ሂድ›› ቢሉት፣ ‹‹ስለት እኮ ለብቻ ነው እማ። ከሰው ጋር ወሬ ይበዛል›› አላቸው። ወይዘሮ ገለቴ በልጃቸው መንፈሳዊነት ልባቸው ተነክቶ አለቀሱ።

እንግዲህ ይህ መንፈሳዊ ሰው ምሳ ሳይደርስ ላሊበላ ገባ። ችግሩም ያኔ ጀመረ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ሦስት ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን የትም መታየት የለበትም። ለገና ደግሞ ላሊበላ መደበቂያ ቀርቶ መቆሚያም የላት። ደህና ደህናዎቹ ሆቴሎች የጠየቁት ዋጋ አልጋ የሚያከራዩ ሳይሆን ሕንፃውን የሚሸጡ አስመስሏቸው ነበር። ሲዞር ቆይቶ ከአንድ ጠባብ የድንጋይ መንገድ መጨረሻ ይህን የሚል ሰሌዳ አገኘ፤ ‹‹ዕፀ ሳቤቅ ፔንሲዮን። ሃያ አራት ሰዓት ሙቅ ውሃ፣ ዋይፋይ፣ የአብያተ ክርስቲያናት እይታ››። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነቱ ፔንሲዮን የሚለው ብቻ መሆኑን ያወቀው አራት ቁጥር ክፍል ገብቶ ስንቁን ካስቀመጠ በኋላ ነው።

የአብያተ ክርስቲያናቱ እይታ አለ። አልጋው ላይ የቆመና አንገቱን በመስኮቱ ያወጣ ሰው በግራ በኩል አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተዘረጋውን የመጠለያ ጣሪያ ጫፍ ያያል። አንገቱን ማውጣት የማይፈልግ ደግሞ የጎረቤትን አጥር እስኪጠግብ ይመልከት። ዋይፋዩም አለ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የባለቤቱ ልጅ ግን ባሕር ዳር ነው። ብርድ ልብሱ ብርዱን ይዞ ልብሱን ረስቷል። ስለ ሙቅ ውሃው ሲጠይቅ ባለቤቱ አቶ ታፈረ ‹‹ይመጣል›› አሉት፤ ስለ ዳግም ምጽአት እንደሚናገር ሰው፣ በፍጹም እርግጠኝነት፣ ቀኑን ሳይጠቅሱ።

‹‹መቼ ነው የሚመጣው ጋሽ ታፈረ?›› አለ ኢያቄም በማግስቱ ጠዋት፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ።

‹‹ጌታው፣ ቅዱስ ላሊበላ ያን ሁሉ ቋጥኝ ሲፈለፍል ሙቅ ውሃ ነበረው?››

አቶ ታፈረ ይችን መልስ ለሁሉም ነገር ይጠቀሙባታል። መብራት ሲጠፋ፣ ቅዱስ ላሊበላ አምፖል ነበረው? የበሩ ቁልፍ አልዞር ሲል፣ ቅዱስ ላሊበላ ቁልፍ ነበረው? ቅዱሱ የቤት ኪራይ ይከፍል እንደሆነ የሚጠይቃቸው ግን አልተገኘም።

ኢያቄም ቀኑን አልጋው ላይ ተጋድሞ እያረፈ፣ ማታ ማታ ለእናቱ እየደወለ መንገዱን ተያያዘው። በመጀመሪያው ምሽት ድምፁን አድክሞ፣ ‹‹ጋሸና ልደርስ ትንሽ ቀረኝ እማ፤ ብርዱ አይጣል ነው›› አለ። ስለ ብርዱ የተናገረው እውነት ነበር፤ ብርድ ልብሱ ምስክር ነው። በሁለተኛው ምሽት ገደል አስወረደ፣ ውሻ አስጮኸ፣ አንድ ቸር ገበሬ ቤት እንግዳ ሆኖ በሶ በጠበጠ። ይህን ሲያወራ በግራ እጁ የሽምብራ ቂጣ ይዞ ነበር።

‹‹እግርህስ የኔ ጌታ? ያ ብረት አላመመህም?›› አሉ ወይዘሮ ገለቴ።

‹‹ትንሽ አብጧል። ግን ለስለት አይደል፣ እችለዋለሁ። አንቺስ ደህና ነሽ?››

‹‹እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ቤቴ ነኝ። አሁን ላሟን አልቤ መግባቴ ነው።››

ከበስተጀርባቸው የብዙ ሰው ዝማሬ ይሰማል። ንፋስም አለ። ‹‹ምንድን ነው የሚጮኸው?›› ሲላቸው ‹‹ጎረቤት ማኅበር አለ›› አሉትና ስልኩን ዘጉ። ኢያቄም በሁለት ቀን ውስጥ የውሸት ባለሙያ ሆኖ ነበር፤ የሰው ውሸት ግን ከአፍንጫው ሥር ሲያልፍ አላወቀም። እናቱ ይዋሻሉ ብሎ ማን ያስባል!

በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ ግድም የፔንሲዮኑ ግቢ በሰው ተሞላ። ነጭ የለበሱ ተሳላሚዎች፣ አቧራ ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግራቸው ያለበሳቸው፣ እየዘመሩ ገቡ። ኢያቄም በመስኮት ሲያይ አቶ ታፈረን ሌላ ሰው ሆነው አገኛቸው። ተከራይን እስከ መጨረሻ ሳንቲሙ የሚያራቁቱት ሰውዬ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ ጉልበታቸው ላይ ተንበርክከው፣ የማያውቁትን ሰው እግር ያጥባሉ። ላሊበላ ለገና ልማዷ ነው። በእግሩ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሒሳብ የሚባል ነገር አይነሳበትም። ሙቅ ውሃውም ለካ ነበረ፤ በትልቅ ብረት ድስት ተጥዶ እየተንተከተከ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አራት ቁጥር ተንኳኳ።

‹‹ወንድሜ፣ ከመጣህ ጀምሮ ተኝተሃል፤ ጤናህ ነው?›› አሉ አቶ ታፈረ።

‹‹ደህና ነኝ።››

‹‹እንግዲያውስ ና ውጣ። እጅ አጥሮናል።››

‹‹ጋሽ ታፈረ፣ እኔ እኮ ተከራይ ነኝ።››

‹‹ለዚህ እኮ ነው የጠራሁህ። በእግርህ የመጣህ ብትሆን እኔ ነበርኩ የማጥብህ።››

ኢያቄም፣ የኮን ሰዎች ቢፈጥኑ ነገ ነው የሚደርሱት ብሎ አሰበና ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ ወጣ። የውሃ ሳፋ ሰጡትና ከረድፉ ጫፍ ተንበረከከ። ቀና ብሎ ማንንም አላየም፤ የሚያየው እግር ብቻ ነው። የተላጠ እግር፣ የተሰነጠቀ እግር፣ በጎማ ጫማ ተፍቆ የቆሰለ እግር። አንድ፣ ሁለቱን እንደ ነገሩ ነካ ነካ አድርጎ አለፋቸው። ባለቤቶቹ ግን መረቁት። ‹‹እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልህ›› አሉት፤ አልጋ ላይ የከረመው እግሩ እንቅፋት የሚያገኝበት ቦታ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ጥንድ ትናንሽ እግር ሳፋው ውስጥ ገባ። የላስቲክ ጫማው ተረከዙ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ቀስ ብሎ ሲያላቅቀው ደም ውሃው ላይ ተበተነ። የቀኙ አውራ ጣት ጥፍር የለም። እግሮቹ አፍረው ወደኋላ ሸሹ።

‹‹ተወው ልጄ፣ ቆሽሿል። ራሴ እታጠበዋለሁ።››

ድምፁን ያውቀዋል። ማታ ማታ በስልክ ሲሰማው የከረመ ድምፅ ነው። ቀና አለ። ጋቢው ከራሱ ወደቀ።

‹‹ኢያቄም!›› ብለው ወይዘሮ ገለቴ ጮኹ። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ዓይኑን ሳሙት።

‹‹አላልኩሽም!›› አለ ጎረቤታቸው ከፋለ ከኋላ ብድግ ብሎ። ‹‹ቀድሞናል አላልኩሽም! እናንተ፣ ይኼ እኮ ልጇ ነው። በየማረፊያው ‹ረዘም ያለ፣ ዱላ የያዘ ልጅ አላያችሁም?› እያለች ያልጠየቀችው ፍጡር የለም። አየሁ የሚል ጠፋ። ለካ ሲበር ነው ያለፈን! ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቶ ሳያርፍ የሰው እግር ያጥባል!››

ግቢው በእልልታ ተናጋ። አንዲት አሮጊት የኢያቄምን እጅ ሳሙ። አቶ ታፈረ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩታል። ከትናንት በስቲያ በእኩለ ቀን፣ በተወለወለ ጫማ፣ ጥርሱን እየፋቀ የገባውን ሰው በደንብ ያውቁታል። ከአፋቸው አንድ ቃል ብትወጣ እናቱ እዚያው ሰው ፊት ይሞታሉ፤ እሱም ከእንግዲህ ኮን ሊረግጥ አይችልም። አቶ ታፈረ የወይዘሮ ገለቴን እግር አዩ። ከዚያ የሱን አዩ።

‹‹አዎ፣ ቀድሞ ነው የገባው›› አሉ። ‹‹በጣም ቀድሞ ነው የገባው።››

ወደሚቀጥለው እንግዳም ዞሩ።

ኢያቄም እናቱን ደግፎ አራት ቁጥር አስገባቸው። ‹‹ቤቴ ነኝ አላልሽኝም እማ?›› አለ።

‹‹እንዳታስብ ብዬ ነው። መንገደኛ በሐሳብ ላይ ሐሳብ ከጨመሩበት ይወድቃል።›› ወይዘሮ ገለቴ መሬት መሬቱን አዩ። ‹‹ያውም በጾም ዋሸሁ። ስመለስ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፣ ልጄን ዋሽቼዋለሁ ብዬ። አንተም ይቅር በለኝ።››

ኢያቄም ግድግዳውን ተደገፈ።

‹‹አንተ የሄድክ ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ›› አሉ ቀጥለው። ‹‹ያ ብረት ብርድ መትቶት ገደል ላይ ጥሎህ ይሆን እያልኩ። ብቻውን ነው ያለው፣ ማን ያነሳዋል እያልኩ። በማግስቱ ከፋለና ጎረቤቶቹ ሲነሱ ተከተልኳቸው። እዚህም እዚያም የለህም። እኔ ሳልደርስበት ወድቆ ቢቀር ብዬ ሌሊት ሁሉ እያስነሳሁ አስኬድኳቸው፤ ሰዎቹንም አማረርኳቸው። ቅዱስ ላሊበላ ግን አላሳፈረኝም። ይኸው አቆመህ፣ ይኸው አስኬደህ።››

አልጋው ላይ እንዲቀመጥ አዘዙት። ከመቀነታቸው ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ፈቱ። ቅቤ ነበር።

‹‹እማ፣ እኔ እኮ...››

‹‹ዝም በልና እግርህን ዘርጋ። ጾሙ ለአፍ እንጂ ለእግር አይደለም።››

‹‹በመጀመሪያ ያንቺን እንይ። እግርሽ ደምቷል እኮ!››

‹‹የኔማ እግር ነው፣ ምን ይሆናል! ያንተ ነው ስለቱ ያለበት። ዘርጋ አልኩህ።››

ሱሪውን ራሳቸው ሰበሰቡት። ቅቤውን በመዳፋቸው አሙቀው ከጉልበቱ ጀምረው ወደ ታች ያሹት ጀመር። አውቃ ይሆን፣ አውቃ እየቀጣችኝ ይሆን ብሎ ፊታቸውን አየ። አላወቁም። ቢያውቁና ቢሰድቡት፣ ዱላውን አንስተው ጀርባው ላይ ቢያሳርፉበት ይሻለው ነበር። አንድ አረፋ የሌለበት፣ ሦስት ቀን የተኛ፣ እሑድ ጎል የሚያገባ እግር በደማው እግሯ ላይ የተቀመጠች እናት እያሸችው ነው። እንዲህ ያለ እፍረት ከዚያን ቀን በፊት ደርሶበት አያውቅም። ሊነግራቸው አፉን ከፈተና እንባው ቀደመው። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ወይዘሮ ገለቴ እጃቸውን ቀለል አደረጉለት።

‹‹አብሽር ልጄ›› አሉት። ‹‹የእግር መንገድ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ነገ ይተውሃል።››