የቻይና ፖም

በፋሲካ ሳምንት ተራራ ወጥቶ ብርቱካን ሳይልጥ የሚመለስ ቤተሰብ በኖርዌይ የለም ማለት ይቻላል። ቶሩን ግን ዘንድሮ ብትቀር በወደደች። ባሏ ሆቫርድ የሞተው በመከር ነበር። አማቷ እማማ ቦርግሂል «የእሱ ቦታ ባዶ መሆኑ አንሶ የአንቺም ይጨመርበት?» ስላሏት ብቻ መጣች።

በረዶውን ቆፍረው ፀሐይ የሚያይ መደገፊያ ሠሩ፤ የአጋዘን ቆዳ አንጥፈውም ተቀመጡ። የሟቹ ታናሽ ወንድም እስታይናር ብርቱካን አደለ። ሁሉም በአውራ ጣታቸው ልጣጩን ይፈለቅቁ ጀመር። ሆቫርድ በየዓመቱ ጉሮሮውን ጠርጎ ወሬውን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነበር።

«ይህን አፐልሲን የምንለው ለምንድን ነው? አፐል ፖም፣ ሲን ቻይና፤ የቻይና ፖም! ስሙን ከነፍሬው ያመጣልን ደግሞ የእኛው ቅድመ አያት፣ መርከበኛው አስላክ ነው።»

ያን ጊዜ ሁሉም ያጉረመርም ነበር፤ በረዶ ጠፍጥፎ የሚወረውርበትም አይጠፋም ነበር።

«ዘንድሮስ የሚያደነቁረን አጣን» አለ እስታይናር።

«ዝም በል አንተ!» አሉ እናቱ። ወዲያው ግን ወደ ቶሩን ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ የቃላትን ዘር ስታስተምሪ ነው የኖርሽው። ያ የአስላክ ነገር እውነት ነው?»

«ኧረ እማዬ! ሆቫርድ ከራሱ የፈጠረው ነው። አስላክ ከዓሣ ማስገሪያ ጀልባ አልፎ የረገጠው ነገር የለም። ንገሪያት እንጂ ቶሩን፤ ያ ሁሉ ትምህርት ለምን ሆነና!»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

ቶሩን ታውቃለች። የቻይናው እውነት ነው፤ ቃሉ ግን አስላክ ከመወለዱ እጅግ ቀድሞ በሆላንድና በሰሜን ጀርመን ሰዎች አፍ በኩል የገባ ነው። ለተማሪዎቿ ይህን ስታስተምር ኖራለች። ለባሏ ግን አንድም ቀን አልነገረችውም፤ ያን ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር።

አሁን ደክሟታል። እውነቱን ብትናገር ወሬው እዚሁ ያልቃል፤ እሷም ወደ ጎጆው ተመልሳ ጋደም ትላለች። አሮጊቷ ግን ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም። ሊያውቁ የፈለጉት ልጃቸው ቀባጣሪ ሆኖ መሞት አለመሞቱን ነበር።

«የቻይናው እውነት ነው፣ እማማ» አለች። «ስለ አስላክ… አይደለም የሚል እስካሁን አላገኘሁም።»

«ፈልገሻል?»

«ፈልጌአለሁ።»

እስታይናር ቀና ብሎ አያት። ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተወውና ልጣጩን በረዶው ውስጥ ቀበረ።

እማማ ቦርግሂል በረጅሙ ተነፈሱ። ጓንታቸውን አውልቀው ጉልበቷን መታ መታ አደረጉ።

«በይ እንግዲህ፣ ለከርሞ የምትነግሪን አንቺ ነሽ። ይኼ ቀልደኛ አፉን እንዳይከፍትብን።»

ለከርሞ አልመጣም ልትላቸው ነበር። ጠዋት የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዋን ስታስር፣ እንዴት ብላ እንደምትነግራቸው እንኳ አዘጋጅታለች።

«እሺ፣ እማማ» አለች። በጓንቷም ፊቷን ከፀሐዩ ከለለች።